እሳቱ መጨረሻ፦ የሁለት ዓይነ ስውራን የኩሽና ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

አብራን እየኖረች የምታበስልልን ልጅ ለመስቀል አገሯ ገብታ እዚያው ልታገባ ነው። ደውላ ነገረችን። ደስ ብሎን መረቅናት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እኔና ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀረን፦ ከነገ ጀምሮ ማን ያበስላል?

ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን። ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይነ ስውራን ነን። እሱ ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኖ ነው የተማረው። ምግብ ተሠርቶ ነበር የሚጠብቀው። እኔ ያደግኩት እናቴ ቤት ነው። እማዬ ኮቴዬን ጓዳ ውስጥ ከሰማች «አንቺ ተቀመጪ፣ እሳት አለ!» ትላለች። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት ግን ሽንኩርት ስልጥ፣ ምስር ስለቅም አደግኩ እንጂ ምድጃ አጠገብ ሳልደርስ ቀረሁ።

ሌላ ሠራተኛ መፈለግ ይቻላል። ተነጋግረንበት አንድ ውሳኔ ላይ ደረስን። መጀመሪያ ራሳችን እንቻል። ከዚያ በኋላ ሰው ብንቀጥር ሥራ እንዲያግዘን እንጂ ጾማችንን እንዳናድር ብለን አይሆንም።

ይሄን የምጽፈው ስልኬ ላይ ነው፣ ድምፅ አንባቢው እያነበበልኝ። ለሌላ ዓይነ ስውር፣ ይልቁንም ልጃቸውን ከጓዳ ለሚያርቁ ቤተሰቦች ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጥቅምት መጀመሪያ

እስካሁን ምንም አልበሰለም። ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ስንደረድር ነው የከረምነው። ዳቦ በሻይ፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ከሱቅ የመጣ እንጀራ በአዋዜ።

ኩሽናችን የኮንዶሚኒየም ኩሽና ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ይሞላል። ይሄ ለእኛ ጥሩ ነው። እጅ ሳይራመድ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ትልቁ ሥራ ዱቄትና ቅመሙ ነበር። በርበሬና ሽሮ በእጅ ሲዳሰሱ ይቀራረባሉ። በማሽተት ይለያሉ። ነገር ግን አፍንጫ በርበሬ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ክዳኑን ሳንከፍት መለየት ፈለግን። ባለቤቴ መፍትሔ አመጣ። ያረጀ የራጅ ፊልም ነበረን። ፊልሙ ጠንካራና ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበት አያበላሸውም። እሱን በቀጫጭኑ ቆርጦ በብሬል መጻፊያው ወጋበት። ሙሉ ስም አልጻፈም። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ «በርበሬ» ብሎ መጻፍ ቦታ ይፈጃል። «በ» በርበሬ፣ «ሚ» ሚጥሚጣ፣ «ሽ» ሽሮ። ቁርጥራጩን በላስቲክ ዕቃው ላይ አሰርነው። ዕቃው ሲያልቅና ሲታጠብ ላስቲኩ ይፈታል፣ ተመልሶ ይታሰራል።

ጨውና ስኳርን በብሬል ብቻ አላመንኩም። ጨው አጭር የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ስኳር ረጅም ጠርሙስ ውስጥ ነው ያሉት። እጅ ከማንበቡ በፊት ቅርጹ ይነግረዋል። ለበረኪናና ለዘይት ደግሞ ጭራሽ ድርድር የለም። በረኪና ኩሽና አይገባም። ቦታው መታጠቢያ ቤት ነው፤ ያውም መሬት ላይ።

የታሸጉ ነገሮችን ቢ ማይ አይስ በሚባለው መተግበሪያ ነው የምናስነብበው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሃንስ ዮርገን ቪበርግ የሚባል የዴንማርክ ሰው ሲሆን የእሱም ዓይን ደካማ ነው። ዕቃውን በስልኩ ካሜራ ፊት ሲይዙት ሌላ አገር ያለ በጎ ፈቃደኛ የሚያየውን ይነግራል። ትናንት አንዲት ሴት የፓስታውን ማብቂያ ቀን አነበበችልን። አመሰገንናት። ቀኑንም ወዲያው በብሬል ጽፈን ለጠፍን፤ ለአንድ ፓስታ ሁለቴ ሰው ማስቸገር አያስፈልግም።

ጥቅምት አጋማሽ

ዛሬ ስለ ምድጃው። ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ማዞሪያዎቹ ለስላሳ ስለሆኑ የት ላይ እንደቆሙ በእጅ አይታወቅም። የጥፍር ቀለም ገዛሁ። አንድ ጠብታ ማጥፊያው ላይ፣ አንድ መካከለኛው ላይ፣ አንድ ከፍተኛው ላይ። ሲደርቅ ደግሞ በላዩ ላይ ጨመርኩ፣ እንደገና ሲደርቅ እንደገና። አሁን ጉብ ጉብ ብሎ ይዳሰሳል። ማጥፊያው ላይ ግን አንድ ጨምሬ ሁለት ጠብታ ጎን ለጎን አደረግኩ። ማታ ልተኛ ስል እጄን አሳርፌ «ጠፍቷል» ማለት የምችለው በሱ ነው።

ከዚህ ሥራ አንድ ሕግ ወጣልን፤ ቤታችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመን እሱ ነው። እጅ ማወቅ ያለበትን ሁሉ ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ ይወቅ። ድስቱ በመጀመሪያ ምድጃው ላይ ይቀመጣል። ዙሪያውን በእጅ ይዳሰሳል፤ መሃል መሃሉን ይዟል ወይ? እጀታው ወደ ውስጥ ዞሯል ወይ? ማማሰያው በቀኝ አለ? ክዳኑ በግራ አለ? ጨውና ዘይቱ ተለክተው በሲኒ ተቀምጠዋል? ሁሉም አዎ ሲሆን ብቻ ማዞሪያው ይዞራል። እሳቱ መጨረሻ ነው።

ከበራ በኋላ እጅ ወደ ድስቱ አይሄድም፤ ረጅሙ የእንጨት ማማሰያ ነው የሚሄደው። በማማሰያው ጫፍ የድስቱን ከንፈር ፈልጌ፣ ከዚያ ሌላውን እጄን በማማሰያው አቅጣጫ አመጣለሁ። ይሄን በባዶ ድስት፣ በጠፋ ምድጃ፣ ቤት ውስጥ ሰው እስኪሰለቸው ደጋግሜያለሁ። ባለቤቴም እንደዚያው።

ቢላዋን ብዙ ሰው ይፈራልናል። ለእኔ ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው። መክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል፣ እንዳይንሸራተት። የግራ እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ የቢላዋው ጎን የሚነካው የጣት አንጓን ነው፣ ጥፍርን አይደለም። ቢላዋው ከመክተፊያው ሳይነሳ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ሲያርፍ ቦታው አንድ ብቻ ነው፦ ከመክተፊያው ኋላ፣ ስለቱ ወደ ግድግዳ። የሳሙና ውኃ ውስጥ ቢላዋ ፈጽሞ አይገባም። ተይዞ ይታጠባል፣ ተይዞ ይደርቃል፣ ይመለሳል።

ጥቅምት መጨረሻ

ሽሮ!

እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልጻፈው፤ ምክንያቱም ዓይን ለሌለው ሰው ሽሮ ከሁሉም ጥሩ አስተማሪ ነው። ሁሉንም ነገር ይናገራል።

ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ደረቅ ድስት ውስጥ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ምንም አይልም። ከዚያ ይንጫጫል፤ ውኃውን እየተፋ ነው። ማማሰያው በዚህ ጊዜ በቀላሉ ይንሸራተታል። እያማሰልኩ እሰማለሁ። ጫጫታው ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ማማሰያውም ከሥር መያዝ ይጀምራል። ይሄ መያዝ በእንጨቱ በኩል እጅ ውስጥ ይገባል። ውኃው አልቋል ማለት ነው። ሽታውም ከጥሬ ሽንኩርት ወደ ጣፋጭነት ይዞራል። ዘይት አሁን ይገባል። በሲኒ ተለክቶ የተቀመጠው ዘይት በሲኒው ከንፈር በኩል፣ ሲኒው የድስቱን ጠርዝ ተደግፎ። ከከፍታ አይፈስም።

ከዚያ ነጭ ሽንኩርት። እሱ ቶሎ ነው የሚሸተው፤ ከተጠበቀ ይመራል። ውኃው ይጨመራል፣ ይፈላል። ሽሮውን በማንኪያ እየነሰነስኩ በሌላ እጄ እመታዋለሁ። የእኛ ሽሮ በርበሬና ቅመም ያለበት ምጥን ስለሆነ ሌላ አያስፈልገውም።

መንተክተክ የሚጀምርበትን ቅጽበት ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ ድምፁ የውኃ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይላል። እየወፈረ ሲሄድ ይከብዳል፤ ተክ፣ ተክ፣ በየመሃሉ ዝም። በዚህ ጊዜ ይተፋል። ትኩስ ሽሮ እጅ ላይ ሲያርፍ አይለቅም። ስለዚህ ማዞሪያው ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፣ ክዳኑም ገርበብ ይላል። ለማማሰል ክዳኑን ሳነሳ በእኔ በኩል ያለው ጠርዝ ዝቅ እንዳለ ነው፤ እንፋሎቱ ወደ ግድግዳው ይወጣል። ማማሰያው የሄደበት መንገድ ቶሎ ሳይዘጋ ክብደት ሲኖረው በቃ።

ባለቤቴ በላ። እንደገና ጨመረ። ምንም አላለም፤ ይሄ ለእሱ ብዙ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ

ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ የሚናገር ቴርሞሜትር ላከችልን። መርፌው ምግቡ ውስጥ ይገባል፣ ቁልፉ ሲጫን ሙቀቱን በእንግሊዝኛ ይናገራል። በሚፈላ ውኃ ሞከርነው። «92» አለ። እንደገና ተጫነ፤ 92። ውኃው እየተንፈቀፈቀ ነው። ለእህቴ ደወልን፤ «ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለች።

አልተበላሸም። ባለቤቴ ወዲያው ገባው። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ምስርና ባቄላ እዚህ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ባሕር ዳርቻ አገር ያለ ሰው የጻፈውን የደቂቃ ቁጥር እዚህ ማመን አይቻልም ማለት ነው። እኛ ደግሞ በደቂቃ በጣም እንተማመን ነበር። አሁን የስልኩ ደወል ሄጄ እንድቀምስ ይጠራኛል፣ በስሏል ብሎ አይወስንልኝም። አንዷን ምስር በጣቶቼ መሃል እጨፈልቃለሁ። እህል እህል ካላለች አውጥቻለሁ።

በነገራችን ላይ ምስር መልቀምን እናቴ ያለ ስጋት ትሰጠኝ የነበረው ትክክል ነበረች። የብረት ትሪ ላይ በትንሽ በትንሹ ይዘረጋል። ጠጠር በጣት ይታወቃል፤ ክብደቱም ድምፁም ሌላ ነው።

ኅዳር 10

ዛሬ ቁም ነገር። ስለ አደጋ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ጾም ማደር ስለሌለብን ጋዝም አለን። ሲሊንደሩ በረንዳ ላይ ነው። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሰው እንዲያውቀው ተብሎ መርካፕታን የሚባል ክፉ የሚሸት ነገር ይጨመርበታል። ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከማብራቴ በፊት ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ። ከሸተተ ማብሪያ አይነካም፣ ክብሪት አይጫርም፤ ሲሊንደሩ ተዘግቶ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ይወጣል። ጉንፋን የያዘን ቀን ጋዙን አንነካም። አፍንጫ ሲዘጋ ዋናው ጠባቂያችን የለም። ያን ቀን ዳቦ ይበላል።

የከሰል ጢስ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ጭራሽ አይሸትም። ከሰል ምድጃ በረንዳ ላይ ብቻ ነው የሚቀጣጠለው። ብርድ ቢሆንም፣ «ትንሽ ነው የቀረው፣ ላስገባው» የሚል ሐሳብ ቢመጣም አይገባም።

ነጠላ። ይሄን ለእህቶቼ ብዬ ነው የምጽፈው። ነጠላ ለብሶ ምድጃ አጠገብ መቆም የለም። ጫፉ የት እንዳለ አናይም። ሰፊ እጅጌም እንደዚያው። እኔ ኩሽና ስገባ የምለብሰው እጅጌው ክርን ላይ የሚቆም ሹራብ ነው፣ በላዩ ሽርጥ፣ ፀጉር ተጠቅልሎ።

ዘይት ቢያያዝ ውኃ አይደፋም፤ ይበልጥ ይፈነዳል። ክዳን ይደፋበታል፣ ማዞሪያው ይዘጋል፣ ክዳኑ እስኪበርድ አይነሳም። ክዳኑ ከማብራታችን በፊት በግራ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ጭምር ነው።

ለቃጠሎ ደግሞ ውኃ፤ ቀዝቃዛ የሚወርድ ውኃ፣ 20 ደቂቃ። ቅቤ የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ እንቁላል የለም። ቀለበትና ሰዓት ቶሎ ይወልቃል፣ ካበጠ በኋላ አይወጣም። እኛ ሰፈር ግን ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ እሳት ከመብራቱ በፊት ሙሉ ባልዲ ውኃና መቅጃ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ይሄም በቀዝቃዛው ከሚዘጋጁት አንዱ ሆኗል።

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር። ዘመድ መጣ፣ ቤቱ ሞላ፣ በጣም ደስ አለን። ወጥተው ከሄዱ በኋላ ዕቃ ታጥቦ፣ ቤቱ ተስተካክሎ፣ ሁሉም ነገር ቦታውን ለቋል። ቢላዋው ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ተገኘ። የቁም ሳጥኑ በር ገርበብ ብሎ ቀርቷል፤ ባለቤቴ በግንባሩ አገኘው።

ማንም ክፉ አላሰበም። እንግዳ ቤት ገብቶ ማገዝ የባህላችን ነው። ግን ዓይነ ስውር ቤት ለሚገባ ሰው አንድ ነገር ልለምን፦ ያነሳችሁትን ካነሳችሁበት መልሱ። ካላወቃችሁ ጠረጴዛው ላይ ተዉት፣ ንገሩን። በር ወይ ክፍት ወይ ዝግ ይሁን። ከምድጃ ይልቅ እኛን የሚጎዳን ይሄ ነው።

ኅዳር መጨረሻ

ጾመ ነቢያት ገብቷል። ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ምስር ክክ። ጾም ለጀማሪ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሁሉም በቁሌት ይጀምራል።

ቡና የሚሠራው ባለቤቴ ነው። ቆላው፣ አሸተተው፣ «ፈነዳ» አለ። ቡናው ሲቆላ ቀጥ ቀጥ እያለ ይፈነዳል፤ የእሱ ጆሮ ደግሞ የታወቀ ነው። ፈንድቶ ሲያበቃና ሽታው ሲከብድ ያወርዳል።

ያስቸገረን መቅዳቱ ነበር። ቀዝቃዛ ነገር ሲሆን ጣት በብርጭቆው ጠርዝ ይገባል፣ ሲደርስ ይታወቃል። ትኩስ ሲሆን አይቻልም። ለሻይ መላው ቀላል ሆነ፦ ውኃው ቀዝቃዛ ሳለ በራሱ ብርጭቆ ይለካል፣ ከዚያ ይፈላል። ብርጭቆው ከዚያ በላይ ሊሞላ አይችልም። ለጀበና ግን ይሄ አይሠራም። ባለቤቴ በቀዝቃዛ ውኃ ተለማመደ። የጀበናው አፍ የሲኒውን ከንፈር ይነካል፣ ሲኒዎቹ ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አይነካም። ሲኒው እየሞላ ሲሄድ የሚፈሰው ድምፅ ይቀጥናል። ድምፁ ቀጠን ሲል ጀበናው ቀና ይላል። ከቀዝቃዛው ውኃ ወደ ትኩሱ ቡና ያለፈው እጁ ድምፁን ካመነ በኋላ ነው። እንግዳ ሲመጣ አሁን እሱ ይቀዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

ክሪስቲን ሃ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2012 በአገሯ ማስተር ሼፍ የሚባለውን የቴሌቪዥን የምግብ ውድድር ያሸነፈችው ማየት ከተሳናት በኋላ እንደነበር ያነበበልኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሂዩስተን ውስጥ ምግብ ቤት ከፍታለች። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና «እሷም እናት አላት» አለች። ይሄን እስካሁን አስባለሁ።

ታኅሣሥ

እንጀራ። ሁሉም ሰው «ይሄን እንኳ ተይው» ያለኝ። ለእኔ ደግሞ ይሄ ካልተቻለ ኩሽናው ሙሉ አይሆንም።

ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። መጀመሪያ «ልጄ፣ እኔ በሳምንት ሁለቴ ጋግሬልሽ እሄዳለሁ፣ ምን አደከመሽ?» አሉኝ። ከልባቸው ነው። «እትዬ፣ እጅዎን ያውሱኝ እንጂ እንጀራውን አይደለም» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። መጡ።

ሰው ሲያሳየን አብዛኛውን ጊዜ እጃችንን ይይዝና ይጎትታል። ይሄ አያስተምርም። እኔ የጠየቅኳቸው እጃቸው ከሥር፣ የእኔ እጅ ከላይ እንዲሆን ነው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ይሠራሉ፣ የእኔ እጅ በእጃቸው ላይ ተቀምጦ ይከተላል። የሊጡን ውፍረት በዚያ አገኘሁት። እሳቸውም ለካ በዓይን አይደለም የሚያውቁት። አብሲቱ ተመልሶ ገብቶ፣ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ፣ እጃቸውን ነክረው ያነሳሉ፣ ከጣታቸው እንዴት እንደሚወርድ ያያሉ ብዬ ነበር። «ኧረ ማን ያያል! ይሰማኛል እንጂ» አሉ።

ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። ብዙ ኃይል ስለሚስብ በማከፋፈያ አይሰካም፤ የራሱ ሶኬት አለው። የሚሰካውና የሚነቀለው ደረቅ እጅ ነው። መሞቁን የሚያሳየው መብራት ለእኛ ምንም አይናገርም። እትዬ የጎመን ዘር ነስንሰው በማሰሻው ሲያሹት ሽታው ይነግራል፦ መጀመሪያ የጥሬ ቅባት፣ ከዚያ የተቆላ ፍሬ።

ሊጥ ማዞሩን ግን በትኩሱ ምጣድ አልተማርኩም። ከምጣዱ ጋር እኩል የሆነ ትሪ አገኘን፤ መሬት ላይ ዘርግተን በቀጭን የዱቄት ሊጥ ተለማመድኩ። ከዳር ጀምሮ እየዞሩ ወደ መሃል። ጨርሼ ትሪውን በእጄ እዳስሳለሁ። የት ተደራርቧል? የት ባዶ ነው? ሁልጊዜ ባዶ የሚሆነው በግራ በኩል ከሩቅ ነበር፤ ክንዴ እዚያ ሲደርስ ይቸኩላል። እትዬ አዩት። «እግርሽን ትንሽ ወደ ግራ አድርጊው» አሉ። በቃ፤ ክፍተቱ ጠፋ። አሁን ምጣዱ ፊት የምቆምበት ቦታ ላይ ትንሽ ምንጣፍ አለች። እግሬ እሷ ላይ ካለ ክንዴ መንገዱን ያውቃል። በጆጉ ውስጥ ያለው ሊጥ ደግሞ ለአንድ እንጀራ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ዙሩ አልቋል።

ትኩሱ ላይ የመጀመሪያው ጠባብ ሆነ፣ የሚቀጥለው መሃሉ ወፈረ። እትዬ ዝም ብለው ቆመው ነበር፤ ዝም ማለት ለእሳቸው እንዴት ከባድ እንደሆነ በትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። ሊጡ ሲያርፍ ጭስስ ይላል። ያ ድምፅ ሲሳሳ ዓይን እያወጣ ነው። አክንባሎው ይከደናል። እንፋሎቱ በጠርዙ መውጣት ይጀምራል፤ ሽታው የቦካ ሊጥ ነው። ከዚያ ሽታው ይለወጣል፣ እንጀራ እንጀራ ይላል። አክንባሎው ከእኔ በሚርቀው በኩል ቀድሞ ይነሳል። ጠርዙ ራሱን አንስቷል። ሰፌዱ ከሥሩ ይገባል፤ ጓንት ባደረገ እጅ ትንሽ ጎትቼ አሳርፈዋለሁ።

ሲበርድ በጣቶቼ ዳሰስኩት። ዓይኑ ቁጥር ስፍር የለውም።

ታኅሣሥ 28

ነገ ገና ነው። ዶሮ እየሠራን ነው፤ ይሄን የምጽፈው ቁሌቱ ላይ ተራ እየተቀያየርን ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ትልቅ ስለሆነ። እጃችን ዓይናችን ነው፤ ሁሉን ይነካል። ጥሬ ዶሮ ሲያዝ ይሄ አደገኛ ይሆናል። ያው እጅ ማዞሪያውን፣ የጨው ዕቃውን፣ የብሬል ምልክቱን፣ ስልኩን ከነካ ጀርሙ ቤቱን ያዳርሳል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን። 12ቱን ብልት በሎሚና በጨው የማጥበው እኔ ነኝ፣ በጥልቅ ሳፋ ውስጥ፣ እንዳይረጭ። እስክጨርስ ሌላ ነገር አልነካም። ባለቤቴ የሚያስፈልገኝን ያቀብላል፣ ያፈሳል፣ ይከፍታል። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ቀኝ እጅ ለዶሮው፣ ግራ እጅ ለሌላው አደርግ ነበር። ከዚያ እጅ በሳሙና፣ መክተፊያና ሳፋ በሳሙናና በትኩስ ውኃ።

ብልቶቹን በእጅ መቁጠርና ማወቅ ለእኛ የሚያስቸግር አይደለም። ፈረሰኛውን ሳይቀር ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ለባለቤቴ ነው። የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ከደረሰ ለጤና ደህና ነው፤ ቴርሞሜትሩ ከአጥንቱ ራቅ ብሎ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት ስለሚበስል ያን ያልፋል። ግን መስማት ያረጋጋል።

ተራዬ ደረሰ።

ጥር 15

ሥራ ቦታ አብራን የምትሠራ ልጅ በቅርቡ ማየት አቁማለች። ግላኮማ ነው። ከጥምቀት በኋላ ከእናቷ ጋር ቤታችን መጣች። እናትየው ገና ከመግባታቸው «እሳቱ አያቃጥላትም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ያቃጥላል አልኳቸው፣ እንደማንኛውም ሰው። ስለዚህ ነው በእሳቱ የማንጀምረው።

ልጅቷ የጠፋው ምድጃ አጠገብ ተቀመጠች። ማዞሪያዎቹን አገኘች፣ ጠብታዎቹን ቆጠረች፣ ድስቱን መሃል ላይ አስቀመጠች። ማማሰያውን ይዛ የድስቱን ከንፈር ስትፈልግ እናቷ ከወንበራቸው ተነሱ። ባለቤቴ «እማማ፣ ምድጃው አልተሰካም» አላቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠየቁ። ቤታቸው ውስጥ ዕቃ ቦታ እንዳይለቅ፣ በር ገርበብ እንዳይል፣ ቢላዋ የትም እንዳይቀመጥ ነገርኳቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጃቸው ዕቃ ስትፈልግ ቀድመው እንዳያቀብሏት፤ ይሄ እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ፣ የእኔም እናት አሁን ድረስ ይከብዳታል።

ቅዳሜ ቤታቸው እንሄዳለን። ባለቤቴ የራጅ ፊልሙን እየቆረጠ ነው፣ እኔ አዲስ የጥፍር ቀለም ገዝቻለሁ። የእነሱ ምድጃ ባለ ጋዝ ስለሆነ ሲሊንደሩ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቶ እንዲጠብቀን ለእናትየው ነግሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ሰዓት የምንሠራው በቀዝቃዛው ነው።